አባባ የመረጠው የበረዶ ላይ ድንኳን

ባለፈው ኅዳር በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ምሳ እየበላን፣ ማርታ የምትባል ወጣት ባልደረባዬ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው። እጮኛዋ ዘንድሮ ከጓደኞቹ ጋር በረዶ ላይ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ተነሥቷል። ለልደቱ ድንኳን ልትገዛለት አስባ ምስሎቹን እያገላበጠች ትሥቃለች። «እትዬ ሂሩት፣ እስቲ ይምረጡልኝ፤ የትኛው ነው ውስጡ ደረቅ የሚሆነው?» አለችኝ። ለቀልድ ነው የጠየቀችኝ፤ እንደማላውቅ እርግጠኛ ነበረች። እኔ ግን የሾርባ ማንኪያዬን አስቀምጬ መነጽሬን አደረግሁና አንድ በአንድ አየኋቸው። ይሄኛው ጣሪያው ላይ መተንፈሻ የለውም፣ ያኛው ውስጡ ላስቲክ ነው፣ ይሄ ግን ጨርቁ ድርብ ነው፣ እሱን ግዢለት አልኳት። ማርታ ቀና ብላ አየችኝ።

«እርስዎ ደግሞ በረዶ ላይ ምን ሊሠሩ ወጡ?»

«ሰው ልሰልል» አልኳት። እሷ ሣቀች፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔና አባቴ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ እንኖር ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን እንዳይቀር እኔው ነኝ ያስመጣሁት። አባባ ዕድሜውን ሙሉ መርካቶ ሸራ የሸጠ ሰው ነው። የሠርግ ድንኳን፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የጭነት መኪና መሸፈኛ፣ ሸራ የተባለ ሁሉ በእጁ አልፏል። መርካቶ ለሰው መነገድና መጠርጠርን ታስተምራለች። አባባ ንግዱን እዚያው ትቶት ሲመጣ ጥርጣሬውን ግን ከልብሱ ጋር አጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከትቶት መጣ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የጠዋት ጸሎቱ ያህል ነበር። በላስቲክ ከረጢት የሚሸጠውን ወተት ጠረጠረ፤ ጨዋ ወተት በጠርሙስ ነው የሚሸጠው አለ። ሊፍታችን ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ ወደ አሥራ አራተኛ የሚዘል መሆኑን ያወቀ ቀን ደግሞ ጭራሽ ደረጃውን ወርዶ ቆጠረው። «አንዱን ፎቅ ማን ወሰደው?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አናገረኝ። ፈረንጆች አሥራ ሦስት ቁጥርን እንደሚፈሩ ብነግረው፣ ቁጥር የሚፈራ ሰው በሠራው ቤት ውስጥ እንዴት ይተኛል አለ።

እኔም ብሆን የሱ ልጅ ነኝ። እስከ ዛሬ የገዛሁትን እንቁላል አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ሳላይ ወደ ቤት አላስገባም።

ኤርሚያስ የመጣብን በዚህ ሁሉ መሀል ነው። ዌስተን የሚባል ሰፈር ይኖራል፣ እዚያው አካባቢ ጋራዥ ይሠራል። ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወንበር ስናነሳ ነው የተዋወቅነው። ወሬ አያበዛም፣ ሲሥቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ የሞተር ዘይት አለ። ወደድኩት። እሱም እንደ ወጉ አንድ እሑድ ሽማግሌዎች ላከ። አባባ በክብር ተቀበላቸው፣ አብልቶ አጠጣቸው፤ ጉዳያቸውን ሰማና «አጣርቼ አሳውቃችኋለሁ» ብሎ ሸኛቸው።

በሀገሩ ቢሆን ማጣራት ቀላል ነበር። የልጁ ትውልድ ሰፈር ሰው ይላካል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ የአባቱ ዕድር ይጠየቃል፣ እስከ አያት ቅድመ አያት ይቆጠራል። ቶሮንቶ ላይ ማን ይጠየቃል? ኤርሚያስን የሚያውቁት ሁሉ ከአውሮፕላን ከወረደ ወዲህ ነው የሚያውቁት። አባባ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያሉትን የሐበሻ ሱቆችና የቤተ ክርስቲያኑን በር እየዞረ ጠየቀ። ሁሉም ደግ ደጉን አወሩለት። ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ክረምት ከገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤርሚያስን ማንም አያገኘውም። ለቅሶም ቢሆን ሠርግም ቢሆን ቅዳሜ ከሆነ የለም።

አባባ ጠርቶ ጠየቀው። ኤርሚያስ ያለ አንዳች ማፈር፣ ሲምኮ የሚባል ሐይቅ በረዶ ሲሆን እላዩ ላይ ድንኳን ተክዬ ዓሣ አጠምዳለሁ አለ። አባባ በሩ ድረስ ሸኘው። ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሐይቁ በረዶ ሆኗል ይለኛል፤ በረዶ ከሆነ ዓሣው የት ነው?» አለ። ኤርሚያስ በሚቀጥለው እሑድ ዓሣ ይዞልን መጣ። ተጠርጎ፣ ተገፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። አባባ ገልጦ አየውና መልሶ ሸፈነው። «ራስ የሌለው ዓሣ ምስክር አይሆንም። ይኼን ከየትም ሱቅ ይገዙታል» አለኝ።

የአባባ ጥርጣሬ ግልጽ ነበር፤ ወደ ሰሜን፣ ባሪ በሚባለው ከተማ ወይም እዚያ መንገድ ላይ፣ ሴት አለች፤ ምናልባትም ልጅ አለ። እኔ አላምንም አልኩ። አላምንም እያልኩም አንድ እሑድ ኮቱን ልሰቅልለት ተቀብዬ፣ በሩ ኋላ ቆሜ አሸተትኩት። የጋዝ ጭስና የብርድ ሽታ ነበረው። ሽቶ የለውም ብዬ ደስ አለኝ፤ ቆየት ብዬ ደግሞ፣ የጋዝ ምድጃ ያላት ሴት ብትሆንስ አልኩ። እንግዲህ ፍቅርም እያለ ሰው እንዲህ ይሆናል። ያኔ አባባ እምቢ ቢል ጥሼ የምወጣ ልጅ አልነበርኩም። አባባ የሚለው ቃል የኔን ኑሮ ይወስን ነበርና፣ ሌሊት ሌሊት ያ ሐይቅ እውነት እንዲሆን እጸልይ ነበር።

በመጨረሻ አባባ ፈረደ። «ይውሰደንና እንየው» አለ።

ችግሩ ሳንባው ነበር። ያለፈውን ክረምት ሳንባ ምች አልጋ ላይ ጥሎት ነው የከረመው፤ ሐኪሙም ብርዱን በልብስ ይቋቋሙታል፣ እርጥበት ግን እንዳያገኝዎ ብሎ አስጠንቅቆታል። ኤርሚያስ የሱ ድንኳን ደረቅና ሙቅ እንደሆነ፣ ሦስታችንንም እንደሚይዝ ነገረን። አባባ ግን አይሆንም አለ። የሚያጣራውን ሰው ቤት ገብቶ አይቀመጥም፣ እህሉን አይቀምስም፤ ከቀመሰማ እንዴት አድርጎ እውነቱን ይፈርዳል? ድንኳን ደግሞ ቤት ነው። ስለዚህ የራሳችንን፣ ውኃ የማያስገባ ድንኳን መግዛት ነበረብን። ለአንድ ቀን ስለላ ድንኳን የገዛ ሰው ከአባባ ሌላ አላውቅም።

ከከተማው ወጣ ብሎ የአደንና የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ አውቶቡስ ቀይረን ሄድን። ሻጩ ቀይ ፊት ያለው፣ ሱሪውን በማንጠልጠያ የያዘ ሽማግሌ ነው። ሁለት ድንኳን ዘረጋልን። አንደኛው ወፍራም የጥጥ ሸራ፣ ከላይ በኩል መተንፈሻ መስኮት ያለው ነው። ሁለተኛው ውስጡ በላስቲክ የተለበጠ፣ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ሻጩ ሸራውን ውሰዱ አለን። አባባ እንድተረጉምለት እንኳ አልጠበቀም፤ የሰውየው እጅ የትኛው ላይ እንዳረፈ አይቶ ነበር።

«የቱን አመሰገነ?»

«ርካሹን።»

«ነጋዴ ርካሹን ካመሰገነ የሚደብቀው ነገር አለ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እዚያ ሱቅ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው እንደሌለ ያውቃል፤ ቢሆንም ዝቅ አደረገው።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። ጓንቱን አውልቆ ሸራውን በጣቶቹ መሀል አሸው፤ ስፌቱን ገልብጦ አየ፤ ጫፉን ከፍ አድርጎ አፉ ላይ ለጠፈና እፍ አለበት። እኔን ከወዲያ በኩል መዳፌን እንድደቅን አዘዘኝ። የአባባ ትንፋሽ ሞቅ እያለ መዳፌ ላይ ደረሰ። «አየሽ?» አለኝ። መርካቶ ሸራ የሚፈተነው እንደዚህ ነው፤ ትንፋሽ ያሳለፈ ሸራ ሐምሌ ላይ ውኃም ያሳልፋል፤ የለቅሶ ቤት ሰው ላይ ያፈሳል፣ ነጋዴውን ያሰድባል። ሰማያዊውን ሲሞክረው ጉንጩ እስኪያብጥ ቢነፋ ምንም አልወጣም። ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ያየን ነበር፤ ድንኳን መተንፈስ አለበት፣ ሐይቁ ላይ በዚህ ወራት ዝናብ የለም አለ። ተረጎምኩለት። አባባ በአዘኔታ አየው። «ድንኳን ይተነፍሳል ይለኛል እንዴ? ሳንባ ያለው እኔ ነኝ» አለ። ሰማያዊውን ተሸክመን ወጣን። እውነት ለመናገር እኔም በአባባ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ኤርሚያስ በአሮጌ መኪናው መጣ። ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ብርዱ ግን ገና አልተነሣም። አባባ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ስንቃችንን ለብቻ ይዘናል፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሻይ ማፍያ ጀበናና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ሳይቀር። ኤርሚያስ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ከዶናት ቤቱ ቡና ሊጋብዘን ፈለገ፤ አባባ «ጠጥተናል» አለ። ከተማው አለቀ፣ እርሻው መጣ፣ ነጭ ሜዳና የቆሙ የበቆሎ አገዳዎች። ወደ ባሪ የሚያመለክት ታቤላ ባየን ቁጥር የአባባ አንገት ወደ ኤርሚያስ ይዞራል። ኤርሚያስ መንገዱን ብቻ ያያል። ታቤላውን አልፈን ስንታጠፍ ትንፋሼ ተመለሰልኝ።

ሐይቁ እውነት ነበር። ያን የሚያህል ነጭ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከዳር እስከ ዳር ድንኳኖችና ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ተበትነውበታል፣ መሀላቸው መኪና ይነዳል። አባባ ዳሩ ላይ ቆመ። በከዘራው መታ መታ አደረገው። «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለና መጀመሪያ ኤርሚያስ እንዲሄድ አዘዘው። ቀጥሎ እሱ፣ የኤርሚያስን የእግር ዱካ እየረገጠ። እኔ መጨረሻ።

ኤርሚያስ በመሰርሰሪያው በረዶውን ወጋልን። ከጉድጓዱ ጥቁር ውኃ ብቅ ሲል አባባ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ዓሣው የት ነው ያለው ጥያቄ ያኔ የተመለሰለት ይመስለኛል። የኤርሚያስ ድንኳን የተጣፈ፣ የነተበ የጥጥ ሸራ ነበር። የኛን ከሱ ራቅ አድርገን ተከልነው። ገብተን ዚፑን እስከ ላይ ዘጋን፣ የጋዝ ምድጃዋን ለኮስን፣ አባባ ሻይ ጣደ። የቅርንፉዱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ነፋስ የሚባል አይገባም። አባባ ካፖርቱን ከፈተና፣ «ሸራ መምረጥ ይሄ ነው» አለ።

ቆሎውን ገና ጭብጥ ሳንጨርስ አንዲት ጠብታ የአባባ አንገት ላይ ወደቀች። ዳበሳት። ሌላዋ እጄ ላይ ወደቀች። ቀና ስንል ጣሪያው በሙሉ ላብ ላብ ብሎታል፤ ጠብታዎቹ ተያይዘው ይወርዳሉ። አባባ «ዝናብ ጣለ» ብሎ ዚፑን ከፈተ። ውጭው ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ፣ ፀሐይ። ተመልሶ ገባ፤ ውስጥ ይዘንባል። ያ ሻጭ ቀዳዳ ድንኳን ሸጠልን አለ። ቀዳዳ ፈልገን አጣን። ከዚያ ከዘራውን ይዞ ወጣ። በድንኳኑ ዙሪያ ጎንበስ ብሎ ሲዞር አየሁት። ምን ትፈልጋለህ አልኩት።

«ዱካ። ይሄ ልጅ ከኋላ መጥቶ ውኃ አፍስሶብን ይሆናል።»

በበረዶው ላይ ከራሱ ዱካ በቀር ምንም አልነበረም። አጣርቶ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ብርዱን እናባር ብሎ ምድጃዋን ከፍ አደረገ፤ ሻዩ ተፍለቀለቀ፤ ጣሪያው ይባስ አፈሰሰ። የገዛ ትንፋሻችንና የሻያችን እንፋሎት መውጫ አጥቶ ተመልሶ እየወረደብን እንደነበር ያኔ አልገባንም። የአባባ ሹራብ ትከሻው ላይ ጠቆረ፣ ካፖርቱ ከበደ። ሳል ጀመረው። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፤ ያለፈውን ክረምት ሙሉ በግድግዳው በኩል ስሰማው ነው ያደርኩት። በጣም ፈራሁ።

ሳሉን ኤርሚያስም ሰማ መሰለኝ፣ መጣ። ጣሪያውን አንዴ አየና ነገሩ ገባው። «አባባ፣ ወደኔ ይግቡ፤ እዚህ ይታመማሉ» አለው። አባባ «ደህና ነኝ» አለ፣ ውኃው ከቆቡ እየወረደ። ለመንኩት። ወደ መኪናው እንሂድ አልኩት፤ ጉዳዩን ሳልጨርስ አልሄድም አለ። ቤቱ አልገባም፣ እህሉን አልቀምስም፣ አለቀ። እንባዬ መጣ፤ ለማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

ኤርሚያስ ወደ ራሱ ድንኳን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦

«እሺ አይግቡ። ግን ድንኳን እንለዋወጥ። የኔን ይውሰዱ፣ የእርስዎን ይስጡኝ። ያን ጊዜ የገዛ ቤትዎ ይሆናል።»

አባባ ማሳሉን አቆመ። ከመጣ ወዲህ እንደዚያ ዓይኑ ሲበራ አላየሁትም፤ ገበያ ሰማ። የኤርሚያስን ፊት አጥንቶ፣ «የኔ አዲስ ነው፣ ያንተ አሮጌ ነው፤ ምራቂ ትጨምራለህ» አለው። ምን ልጨምር ሲለው፣ «ራስ ያለው ዓሣ» አለ። ኤርሚያስ አፉን በእጁ ሸፈነ። እጅ ለእጅ ተመታቱ፣ ቤት ተቀየረ።

የኤርሚያስ ሸራ ውስጥ እርጥበት የሚባል አልነበረም። እንፋሎቱ በመስኮቱ ይወጣል፣ የቀረውን ጨርቁ ያሳልፈዋል። የአባባን ሹራብ አውልቄ ምድጃው አጠገብ ሰቀልኩ፣ በጋቢው ጠቀለልኩት፣ ሳሉ ቀስ በቀስ ጋብ አለ። እሱ ግን ሙቀት ሲሰማው ወደ ሥራው ተመለሰ። ቤቱ የኔ ነው አለና ቦርሳውን ፈተሸ፣ ሣጥኑን ፈተሸ። መንጠቆ፣ ክር፣ ደረቅ ካልሲ። ከሣጥኑ ሥር ሁለት ኩባያ አወጣ። ሁለቱንም ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ብቻዬን ነኝ ያለ ሰው ሁለት ኩባያ?» አለ። ሴትዬዋ እንግዲህ ከኩባያ ውስጥ ወጣች አልኩ።

መልሱ የመጣው ወዲያው ነው። ድንኳኑ ተከፈተና አንድ ጢማም ፈረንጅ ሽማግሌ በጉልበቱ ገባ፤ እኛን ሲያይ ደነገጠ። ከጎን ያለው የእንጨት ቤት የሱ ነው፤ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ከኤርሚያስ ጋር ሻይ ይጠጣል፤ ኩባያውም የሱ ነው። አባባ አስቀመጠውና በእኔ አስተርጓሚነት መረመረው። ስንት ክረምት ታውቀዋለህ፣ ሴት ይዞ መጥቶ ያውቃል ወይ፣ ሲናደድ አይተኸዋል ወይ። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ሁሉንም መለሰ። ሴት አላየሁም፣ ዓሣ ማጥመድ ብዙም አይችልም፣ ግን እመጣለሁ ካለ ይመጣል አለ። ሲወጣ አባባ፣ «ወዳጁ ነው፣ የወዳጅ ምስክርነት ግማሽ ነው» አለኝ። ግማሹን ግን መቀበሉ ነበር።

ዓሣ የተገኘ እንደሆነ ልጠይቅ ወጣሁ። ሰማያዊው ድንኳን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኤርሚያስ እንዳይዘንብበት ምድጃ አልለኮሰም። በተከፈተው በር ነፋሱ እየገባበት፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ጉድጓዱ ላይ አቀርቅሯል፤ የእርጥቡ ጣሪያ ውኃ ትከሻው ላይ በረዶ ሠርቷል። አልጠራሁትም። አባቴ እንዲደርቅ ብሎ እሱ እንደዚያ መቀመጡን አየሁ። የፈለገው ይምጣ፣ ይሄን ሰው አገባለሁ አልኩ። አመሻሽ ላይ ራሱም ጅራቱም ያለው አንድ ትንሽ ዓሣ አምጥቶ ለአባባ አስረከበ።

ስንመለስ አባባ ዓሣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተጓዘ። ፍርዱን የሰጠው ቤት ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ ነው።

«ዛሬ ይሄ ልጅ ከሰረ። አውቆ ነው የከሰረው። አውቆ የሚከስር ነጋዴ ያስፈራል፤ ምን ፈልጎ እንደሆነ አይታወቅምና። የዚህ ግን የሚፈልገው ይታወቃል።» ካፖርቱን እየሰቀለ ጨመረ፦ «ለሽማግሌዎቹ ደውይ፣ ይምጡ።»

ይህን ሁሉ ለማርታ ሳወራላት የምሳ ሰዓታችን አለፈ። አባትዎ ያን ቀን አመኑት ማለት ነው አለችኝ። ያን ቀንማ አላመነውም አልኳት፤ ፈቀደለት እንጂ። አባባ ድንኳኑንም ቢሆን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ነበረው፣ ያ ሻጭ አጭበረበረን እንዳለ ነው የኖረው። ማመኑን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሆስፒታል በተኛበት በመጨረሻው ወር ነው። ነርሶቹ የሚሰጡትን ኪኒን በምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋው ነበር። እኔ ስሰጠው እንኳ፣ ያስመጣሁትና ያስታመምኩት ልጁ፣ «ይሄ ምንድነው?» ይለኛል፤ አገላብጦ ያየዋል። ኤርሚያስ ሲመጣ ግን አይጠይቅም። መዳፉን ሲዘረጋለት አፉን ይከፍታል፣ ይውጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

ልጁ ነኝና መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። እያደር ግን ያን ጊዜ ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። እኔ በመጦሪያው ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ሳቀብል እውላለሁ፤ የሚጠረጥሩኝን ሽማግሌዎች አልቆጣቸውም፣ አጠገባቸው ተቀምጬ እስኪያዩኝ እጠብቃለሁ። እንደነሱ ያለ አንድ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ማንንም ሳያምን ኖሮ፣ ምንድነው ብሎ ሳይጠይቅ የሚውጥበት አንድ እጅ አግኝቶ ሞቷል። እኔም በዚያ እጅ አጠገብ ነው የምተኛው።